ከ30 ቀን ወደ 17 ቀን፦ የጎንደር ሆስፒታል የካላዛር ክፍል የተጓዘው መንገድ

ነጭ ጋውን (ክሩን የከፈተች)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ወር ያልሞላት ነርስ መድኃኒት እየቀዳን ሳለ «ሲስተር፣ ድሮ ካላዛር የያዘው ሰው ወር ሙሉ መርፌ ይወጋ ነበር የሚሉት እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እውነት ነው፤ ወጊዎቹም እኛ ነበርን» አልኳት። ሲሪንጁን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ለእርሷ አሁን የምንሰጠው የ17 ቀን መርፌ ራሱ ረጅም ነው። ካላዛርን ለማታውቁት፦ የአሸዋ ዝንብ በንክሻዋ የምታስተላልፈው ተሕዋሲ የሚያመጣው፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ ነው፤ ሌሽማኒያሲስ ከሚባሉት በሽታዎች አንዱ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። እኛ ዕድሜያችንን ያሳለፍንበት ሥራ ለአዲሶቹ ተረት ሆኗል። ተረት መሆኑስ ደስ ይላል፤ የተሻለ ነገር መጥቶ ነውና። ነገር ግን እንዴት እዚህ እንደተደረሰ የሚነግራቸው ሰው ከሌለ 17 ቀኑ ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ክፍሉን የምታውቁት ሁሉ፣ የሠራችሁበትም የታከማችሁበትም፣ የምታስታውሱትን እዚህ ጻፉልኝ።

እኔ ልጀምር። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ሥራ የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ በእጃችን የነበረው ዋና መድኃኒት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነበር፤ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም፣ በየቀኑ፣ ለ30 ቀን። ሲነበብ ቀላል ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግን የአንድ ቀኑ መጠን 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ መውጋት ስለማይቻል ለሁለት ከፍለን ግራና ቀኝ መቀመጫው ላይ እንወጋዋለን። ሰውዬው ደግሞ ከስቶ አጥንቱ የወጣ ነው። አሥረኛው ቀን አካባቢ መርፌ የሚገባበት ለስላሳ ቦታ ፍለጋ በጣቴ እዳብሳለሁ። «እዚህ ጋ ይሻላል፣ እታለም» እያለ ራሱ የሚያሳየኝ ነበር።

ሕመሙ ብቻም አይደለም። መድኃኒቱ ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። ጠዋት ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው «አስመለሰህ ወይ?» ብለን ነበር። ትውከቱ ከእምብርት በላይ ከሚይዝ ቁርጠት ጋር ከመጣ ቆሽቱን እንጠረጥራለን፤ መርፌው ይቆማል፣ ሐኪም ይጠራል።

የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ ደግሞ አስቡት። አብዛኞቹ ሕሙማን ከደጋው ወርደው መተማና ሑመራ ሰሊጥ ሊያርሙና ሊያጭዱ የሄዱ ወጣቶች ናቸው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ደርሶ ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በዚያ ወቅት ወር ሙሉ የተኛ ሰው የዓመት ገቢው አልጋ ላይ አለቀ ማለት ነው። ሊያስታምመው የመጣው ወንድሙም እንደዚያው። ስለዚህ ለእኔ የዚህ ክፍል እድገት በአልጋ ብዛትም በሕንፃም አይለካም። ለሕመምተኛው ስንት ቀን መለስንለት? መለኪያዬ ይህ ነው።

ማይክሮስኮፕ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ነገር አንድ ሰው እንዲያነሳው ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

የላቦራቶሪውን በኩል ልጨምር። ካላዛርን በእርግጠኝነት ለመለየት ተሕዋሲው ከሚደበቅበት ቦታ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል፤ ዋናው መደበቂያው ጣፊያ ነው። ጣፊያ መውጋት ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ቢደነግጥም አይፈረድበትም። ጣፊያ በደም የተሞላ ነው፣ ከደማ በቀላሉ አይቆምም። ስለዚህ አስቀድሞ የፕላትሌት (ደምን የሚያረጋው የደም ክፍል) ቁጥሩ ከ40,000 በላይ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች በእጅ በደንብ የሚዳሰስ መሆን አለበት። ሐኪሙ መርፌውን አስገብቶ የሚያወጣው ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ሕመምተኛው መንቀሳቀስ የለበትም። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት በጀርባው ይተኛል፤ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ በየጊዜው ይለካል።

እኔ ጋ የምትደርሰው መስታወት ላይ የተቀባች ትንሽ ቀይ ነጥብ ናት። በጊምዛ ቀለም ከተነከረች በኋላ በማይክሮስኮፕ ትታያለች። አንድ እይታ ውስጥ (በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ማለት ነው) ከ100 በላይ ተሕዋስያን ከታዩ 6+ ብለን እንጽፋለን። 1,000 እይታ ተፈልጎ ከ1 እስከ 10 ብቻ ከተገኙ 1+ ነው። «ምንም የለም» ለማለት ደግሞ 1,000 እይታ ፈልጎ አንድም ማጣት ያስፈልጋል። እንግዲህ አስቡት፤ 6+ የሆነው በደቂቃ ይለያል፣ የዳነው ሰው ግን ዓይን ያፈዝዛል። ሕክምናውን ጨርሶ ዳግመኛ ምርመራ ያስፈለገው ሰው ስላይድ ሲመጣልኝ ወንበሬን አስተካክዬ፣ በሩን ዘግቼ ነበር የምቀመጠው። 700ኛው እይታ ላይ ስደርስ «እባክህ ጌታዬ፣ እንዳላገኝ» እያልኩ እጸልይ ነበር። ፈልጎ ማጣትን እንደዚያ የሚመኝ ሌላ ሥራ መኖሩን እንጃ።

በኋላ አርኬ 39 የሚባለው የጣት ደም ምርመራ መጣ። አንዲት ጠብታ ደም፣ አንዲት ወረቀት፣ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጥበቃ። ለጤና ጣቢያዎች ትልቅ በረከት ነው። በእኛ አካባቢ ግን የሕንድን ያህል አስተማማኝ አይደለም፤ ታማሚ ሆኖ ሳለ «የለበትም» የሚለው ሰው ይኖራል። አንድ ጊዜ ታክሞ የዳነ ሰው ላይም «አለበት» ማለቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ የጣፊያው መርፌና የእኛ ዓይን ዛሬም ከሥራ አልወጡም።

የእብናት ልጅ

እኔ ታክሜ የዳንኩ ነኝ። መጻፍ አልለመድኩም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በ2006 ዓ.ም. መተማ ሰሊጥ አጭጄ ተመለስኩ። ከገና በኋላ ትኩሳት ያዘኝ። አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ወባ ነው ተባልኩ፣ መድኃኒት ወሰድኩ። አልተወኝም። ሌላ ቦታ ሄድኩ፣ እንደገና ወባ። ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ዋጥኩ። ሆዴ በግራ በኩል እያበጠ መጣ፤ እግሬና እጄ ግን እንደ እንጨት ቀጠነ። እናቴ ሰው ያሟረተብኝ መስሏት ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ የኖርኩት በእርሷ ጸሎት ነው። በመጨረሻ ታላቅ ወንድሜ በሬውን ሸጦ ጎንደር አመጣኝ። ከመኪና ስወርድ ተሸክሞኝ ነው።

ሐኪሙ ሆዴን ዳሰሰና ጣፊያዬ የሚያበቃበት ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሠመረ። ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ ነበር። «ይህችን መስመር ጠብቅ» አለኝ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ነርሷ ሳትመጣ እኔ ራሴ በጣቴ እነካው ነበር። መጀመሪያ ያው ነበረ። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ቀን ላይ ጣፊያዬ ከመስመሩ ወደ ላይ ሸሸ። ወንድሜን ቀስቅሼ «አያ፣ ና ንካው» አልኩት። ነካውና አለቀሰ።

17 ቀን ነው የተወጋሁት። 30 ቀን ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ለምሳ የሚሆን ብር አልነበረውም፤ እንኳን ለመመለሻ።

አዘዞ ሰፈር

የእብናቱ ወንድሜ፣ ያነበብኩት ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

የመድኃኒት ቤት ሰው

እኔ ከመድኃኒት በኩል ልናገር፤ 17 ቀኑ የመጣው በዚያ በኩል ነውና።

ሊፕ የሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ የሌሽማኒያሲስ የምርምር ጥምረት ካርቱም ላይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ሱዳን፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ኢትዮጵያ አንድ በሽታ ይዟቸው ሳለ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በጥቂት ሕሙማን ቢያጠኑ መልስ አይገኝም። ፓሮሞማይሲን የተባለ የቆየ አንቲባዮቲክ ነበር። መጀመሪያ ለብቻው ተሞከረ፤ ሱዳን ላይ በተለይ ውጤቱ አላረካም። ከዚያ ከስቲቦግሉኮኔት ጋር ተጣምሮ ለ17 ቀን ቢሰጥስ ተባለ። ጥናቱ ከተካሄደባቸው ሆስፒታሎች አንዱ የጎንደሩ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ጥምሩን ከወሰዱት ከመቶው 91 ያህሉ ድነዋል፤ ለ30 ቀን ስቲቦግሉኮኔት ብቻውን የተሰጣቸው ደግሞ ወደ 94። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የተቆረጠው 13 ቀን ግን ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን መከረ።

ሲስተር ሆይ፣ በመለኪያሽ እስማማለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር ልጠቁም። ቀኑ ቢያጥርም የመርፌው ቁጥር አልቀነሰም። ስቲቦግሉኮኔቱን እንደ አንድ ብንቆጥረው እንኳ ድሮ 30 ነበር፣ በጥምሩ በቀን ሁለት ስለሆነ 34 ደረሰ። ስቲቦግሉኮኔትም ከነጣጣው አለ። ይህን የሚያስቀረው ቀጣዩ ጥናት ነው፤ ፓሮሞማይሲን መርፌና ሚልቴፎሲን የሚባል የሚዋጥ ካፕሱል ለ14 ቀን። ጎንደር እዚህም ውስጥ አለች። ከ17 ቀኑ ሕክምና ጋር ተነጻጽሮ 439 ሕሙማን ተሳትፈውበት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ፤ ሁለቱም ሕክምናዎች ከመቶ 91 ያህሉን አድነዋል። 14 መርፌ ብቻ፣ ስቲቦግሉኮኔት ከነአካቴው የለበትም። ሚልቴፎሲን ጽንስን ስለሚጎዳ ለሴቶች ጥንቃቄው የጠበቀ ነው፤ ይህ መነገር አለበት።

የሰሜን ተራራ

ሁላችሁም መልካም ተናግራችኋል። እኔ ግን የምለው ይኖራል፤ አትቀየሙኝ።

ይህ ሁሉ በማን ገንዘብ ተሠራ? በውጭ ድርጅቶች። መድኃኒቱ የሚመጣው ከውጭ፣ የጥናቱ ወጪ ከውጭ። የራሳችን የምንለው ምኑ ነው? ነገ እነዚያ ድርጅቶች ፊታቸውን ቢያዞሩ ክፍሉ ምን ይሆናል? የተመሰገነውን ከማመስገን ይልቅ ይህን ብንጠይቅ ይሻላል።

ማይክሮስኮፕ

@የሰሜን ተራራ፣ ጥያቄህ የሚገባ ነው፤ እኔንም ያስጨንቀኛል። ችላ የተባለ በሽታ የሚባለው እኮ የሚይዘው ድሃውን ስለሆነ፣ የሚገዛው ስለሌለ የመድኃኒት ፋብሪካ ስለማያየው ነው። ስለ ገንዘቡ ልክ ነህ። «ምኑ ነው የራሳችን» ላልከው ግን መልስ አለኝ። 1,000 እይታ ያየችው ዓይን የጎንደር ናት። ጣፊያውን በአንድ ሴኮንድ የወጋው እጅ የጎንደር ነው። ጥናቱ ሲታተም ስማቸው ከሠፈረው መካከል እዚሁ ፋሲል ግቢ ሥር የሠሩ ሐኪሞች አሉ። ገንዘብ ይመጣል፣ ገንዘብ ይሄዳል። ይህ እውቀት ግን በሻንጣ ተይዞ አይሄድም።

ጡረተኛው ጤና መኮንን

ልጆቼ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ልጀምር፤ ለነገሩ መነሻው እዚያ ነውና።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ ትልቅ የወባ ወረርሽኝ ገባ። 7,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይነገራል። አገሩ ሐኪም የለውም፣ መድኃኒት የለውም። ያ እልቂት ነው የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የወለደው፤ በ1947 ዓ.ም. ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅትም፣ ዩኒሴፍም፣ አሜሪካኖችም አግዘዋል፤ እንግዲህ የሰሜን ተራራው ልጄ፣ የውጭ እጅ ያኔም ነበረበት። ትምህርቱ ግን የተቀረጸው ለእኛ ገጠር ነው። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን ተደራጅተው ይሠለጥናሉ፤ ልምምዳቸውም ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ነው። እኔ የተመረቅሁት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። እኛን ሲያስተምሩን «ሕመምተኛው ወደ እናንተ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ በሽታው ያለበት ሂዱ» ይሉን ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ፤ ሆስፒታሉም ሌላ መልክ ያዘ።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ሰው ማለቅ ሲጀምር ነገሩ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ መድኃኒት የተላመደ ወባ። ማንም ካላዛርን አልጠረጠረም፤ ካላዛር የቆላ በሽታ ነው፣ የመተማና የሑመራ ነው ብለን ስለተማርን። ሊቦ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ያለ ወይና ደጋ ነው። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ሕፃናትና ሴቶች ሳይቀሩ፣ ቆላ ወርደው የማያውቁ ሰዎች። አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምናው ተከፈተና በሁለት ዓመት ገደማ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታከሙ። በሽታው ከቆላ ተመላሾች ጋር ሽቅብ ሳይወጣ አልቀረም ይባላል፤ ሥር ለመስደድ የአሸዋ ዝንብ እዚያ መኖሩ በቂ ነበር።

የእብናቱ ልጄ ሦስት ጊዜ ወባ የተባለው ለዚህ ነው። ደምቢያ ያስተማረን ወባን ነው፤ ወባን በደንብ ስለተማርን ሌላውንም ወባ አልነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ያለበትን ሰው፣ ቆላ ሄደም አልሄደ፣ ካላዛርን ሳትመረምር አታሰናብተው። እኔ ዛሬም ለመንደሬ ወጣት ባለሙያዎች የምነግራቸው ይህንን ነው።

ከጭልጋ

እኔ የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ነው። ስሙን አልናገርም።

ባለቤቴ ሳሉግ ነበር፤ ከእርሻ እርሻ እየዞረ ይሠራ ነበር ማለቴ ነው። ካላዛር ያዘው፣ ታከመ፣ ዳነ። ከስድስት ወር በኋላ ተመለሰበት። እንደገና ታከመ። እንደገና ተመለሰበት። በሦስተኛው ነው ደሙ ውስጥ ኤችአይቪ እንዳለበት የታወቀው። እኔም ተመረመርኩ። ስለ እኔ ሌላ ቀን እጽፍ ይሆናል።

ሁለቱ በሽታዎች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጎለብተዋል አሉን። ያን መርፌ ሰውነቱ አልቻለውም፤ ስለዚህ በግሉኮስ ተበጥብጦ በደም ሥር የሚሰጠውን ሰጡት፣ አምቢሶም የሚባለውን። ከእርሱ ጋር የሚዋጥ ካፕሱል። ወር አለፈ፣ ጣፊያው ሲታይ ገና አልጠራም ተባለ። ተስፋ ቆርጬ ልብሱን ጠቅልዬ ነበር። አንዲት ነርስ አጠገቤ ተቀምጣ «ሌላ ዙር ይቀጥላል፤ ብዙዎቹ በሁለተኛው ነው የሚጠራላቸው» አለችኝ። ጠራለት። ከዚያም እንዳይመለስበት በየወሩ መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ ወር በገባ ቁጥር ከጭልጋ ጎንደር አብሬው እመጣ ነበር።

አሁን ቆላ አይወርድም። ሽንኩርት እንተክላለን።

የመድኃኒት ቤት ሰው

እታለም ከጭልጋ፣ ስለጻፍሽ እናመሰግናለን። የነገርሽን ነገር ሳይንሱም የሚመሰክረው ነው። ጎንደርና አብደራፊ ላይ ኤችአይቪ ባለባቸው ሕሙማን ላይ በተደረገው ጥናት የሁለቱ መድኃኒቶች ጥምር አንድ ዙር ብቻ ሲሰጥ ከሦስቱ ሁለቱን ያህል ነው ያጠራው። ያልጠራላቸው ሁለተኛ ዙር ጨምረው 58ኛው ቀን ላይ ሲታዩ ከመቶው 88 ደረሰ። አምቢሶም ብቻውን ግን ከመቶ 55 አላለፈም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያውን የለወጠው ይህንና የሕንዱን ጥናት ይዞ ነው። ነርሷ «ሌላ ዙር ይቀጥላል» ያለችሽ እንዲሁ ልታጽናናሽ አልነበረም።

ነጭ ጋውን (ክሩን የከፈተች)

ከጭልጋ የጻፍሽው እህቴ፣ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያች ነርስ እኔ አይደለሁም፤ ማን እንደሆነች ግን የማውቅ ይመስለኛል። አሳያታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንዳንድ ዓመታት ከአምስት የካላዛር ሕሙማን አንዱ፣ ከዚያም በላይ፣ ኤችአይቪ ነበረበት። እነዚህ ሰዎች በዚያ በ30 ቀን መርፌ ዘመን በብዛት ያጣናቸው ናቸው። ስለዚህ «ስንት ቀን መለስንለት» ያልኩት መለኪያ ለእነርሱ አይሠራም። ለእነርሱ ቀኑ ረዝሟል፤ 58 ቀን። ግን በሕይወት ወጡ። ስጀምር ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ አስተካክለሽኛል።

የመተማው ጤና ሠራተኛ

ሁላችሁም ስለ ጎንደር ትናገራላችሁ። እኔ በሽታው ከሚነሳበት ልናገር።

የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ የላትም። ዋልካው በበጋ ሲሰነጣጠቅ በስንጥቁ ውስጥ ትራባለች፤ ግራርና በደኖ ያለበት ትወዳለች። ሠራተኛው ደግሞ ቀን ሙሉ ሙቀት ስለጠበሰው ማታ የሚተኛው እዚያው ግራሩ ሥር፣ ሜዳ ላይ ነው። አጎበር የለውም፤ ቢኖረውም የሚሰቅልበት ጎጆ የለውም። ሙቀቱ አያስተኛም፤ ሸሚዙን አውልቆ ይተኛል። እዚያው ይነከሳል። ምልክቱ የሚወጣው ከወራት በኋላ፣ አገሩ ተመልሶ ሳለ ነው።

በየዓመቱ አጨዳ ሳይጀመር ባለሀብቶችን እየዞርኩ ለሠራተኞቻቸው አጎበርና መጠለያ እንዲያዘጋጁ እለምናለሁ። የሚሰማኝ አለ፤ «ለሁለት ሳምንት ሥራ?» የሚለኝም አለ። ጎንደር ያለው ክፍል የሚያስተኛው ሰው ሁሉ እኔ ያልደረስኩበት ሰው ነው። ክፍሉ አድጓል ስትሉ ደስ ይለኛል። ሥራ የሚፈታበትን ቀን ባይ ግን የበለጠ ደስ ይለኛል።

የሰሜን ተራራ

የመተማው ወንድሜ የተናገረው ልቤን ነካው። እኔ በጠየቅሁት አሁንም እጸናለሁ፤ አጎበሩን እንኳ ከውጭ መጠበቅ የለብንም። የሰሊጥ ነጋዴ ወዳጆች አሉኝ። የሚቀጥለው የአጨዳ ወቅት ሳይደርስ አነጋግራቸዋለሁ። እንዴት እንደምንገናኝ በመልእክት ሳጥኔ ጻፍልኝ።

የመተማው ጤና ሠራተኛ

ጽፌልሃለሁ። የሚሰቅሉበት ነገር ካላገኙ አጎበሩ ብቻውን አይጠቅምም፤ አራት እንጨትና ገመድም አስብበት።

ማይክሮስኮፕ

ሲስተር፣ አንድ ነገር ልነግርሽ። ሥራ ስጀምር ማንበብ የተለማመድኩበት ደብተር አለኝ። ስም የለበትም፤ ቀን፣ የስላይድ ቁጥርና የተሰጠው ደረጃ ብቻ። በግራ በኩል እኔ ያነበብኩት፣ በቀኝ በኩል ያሠለጠነኝ ሰው ያነበበው። መጀመሪያ ገጾቹ ላይ አንድ ቦታ አንገናኝም፤ እኔ 3+ ስል እርሱ 5+ ይላል። ከኋላ እየተቀራረብን እንሄዳለን። ለዚያች አዲስ ነርስም፣ ለአዲሶቹ የላቦራቶሪ ልጆችም ቢታይ ደስ ይለኛል።

ነጭ ጋውን (ክሩን የከፈተች)

አምጣው። ሰኞ ጠዋት ተረኛ ነኝ። ልጅቷም አለች።

የእብናት ልጅ

እኔም ሰኞ ጎንደር ነኝ፤ የወንድሜን ልጅ ትምህርት ቤት ላስመዘግብ እመጣለሁ። መግባት ይቻላል? አልጋዬ ከመስኮቱ ሥር ሁለተኛው ነበር።

ነጭ ጋውን (ክሩን የከፈተች)

ና እንጂ። በጥየቃ ሰዓት ና። እዚያ አልጋ ላይ አሁን የአርማጭሆ ልጅ ተኝቷል፤ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። መስመሩ ገና አልተነቃነቀም፤ ጠዋት ጠዋት እየነካ ይጠይቀኛል። አንተው ንገረው።